የሞተር ሳጥን ቁልፍ እምቢ ሲል



ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ለአጎቱ የስኳር መድኃኒት ከሶዶ ገዝቶ በሞተር ወደ አረካ ወሰደ። ቤት ሲደርስ ከኋላ ያለው ሳጥን አልከፈትም አለ። ቁልፉ ይገባል፣ ግን አይዞርም። ቤተሰቡ ከቦ ይጠብቃል፣ የመድኃኒቱ ሰዓት እየደረሰ ነው። በፒንሳ ይዞ ሲያስገድደው ቁልፉ ለሁለት ተሰበረ። በመጨረሻ ክዳኑን በብረት ፈንቅለው ከፈቱት። መድኃኒቱ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነበር፣ ሳጥኑ ግን ከዚያ ወዲያ ለጫማ ማስቀመጫ እንኳ አልሆነም።

የሚያሳዝነው፣ በኋላ ለቁልፍ ሠሪ ስናሳየው መቆለፊያው ምንም አልሆነም ነበር። መድኃኒቱ እንዳይንገላታ ተብሎ ከላዩ የተጨመቀው ጋቢ ክዳኑን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋው ነበር። ክዳኑ ሲገፋ መንጠቆው በመቆለፊያው ምላስ ላይ ተወጥሮ ይቀራል፤ የተወጠረ ምላስ ደግሞ አይንቀሳቀስም። አንድ ሰው መዳፉን ክዳኑ ላይ አድርጎ ወደ ታች ቢጫን፣ ሌላው ቁልፉን ቀስ አድርጎ ቢያዞር ይከፈት ነበር። ስለዚህ ቁልፍ አልዞር ሲል መጀመሪያ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ክዳኑን መጫን። ፒንሳ ወደ ቁልፍ አይቅረብ። የቁልፍ ብረት ለጣት ኃይል ተብሎ የተሠራ ስስ ነገር ነው።

በወላይታ ሳጥን ጭኖ የሚሄድ ሞተረኛ ብዙ ነው። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ለጉዳይ ከየወረዳው ሰነድ ይዞ የሚመጣ አለ። ከቦዲቲ፣ ከገሱባ፣ ከጠበላ የሚመላለሰው ነጋዴም የሰው ገንዘብና ዕቃ በዚያች ሳጥን ይይዛል። አማና ያለበት ሳጥን ነውና መቆለፊያውን ማወቅ ትርፍ ነገር አይደለም።

በአካባቢያችን የመቆለፊያ ዋና ጠላት አቧራ ነው። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ግን በበጋ የሚቦነው ቀይ አፈር እንደ በርበሬ የላመ ነው፤ በክረምት እሱው ጭቃ ሆኖ ከኋላ ጎማ ተፈናጥሮ ሳጥኑ ላይ ይለጠፋል። የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ በትንንሽ ሞላ የሚገፉ ስስ የብረት ቅጠሎች በተርታ ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዷን ቅጠል በልኳ ያነሷታል፣ ሁሉም ሲስተካከሉ መሐሉ ይዞራል። ከመካከላቸው አንዷ በአፈር ተይዛ ቦታዋን ከሳተች ግን መዞር የለም።

ብዙ ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ዘይት ያፈስበታል። ለአንድ ሳምንት ቁልፉ እንደ ቅቤ ይዞራል። ከዚያ ዘይቱ አቧራውን ይይዝና ሁለቱ ተለውሰው ጥቁር ሊጥ ይሆናሉ፣ ቅጠሎቹም ይጣበቃሉ። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይትማ ከሁሉ የባሰ ነው። ግሪስም ለማጠፊያው እንጂ ለቁልፍ ቀዳዳ አይሆንም። የምግብ ዘይት የሚያደርጉም አይተናል፤ እሱ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቃል።

የሚሻለው ደረቅ ማለስለሻ ነው፤ ግራፋይት የሚባለው ጥቁር ዱቄት። ካልተገኘ የተማሪ እርሳስ አለ። የእርሳሱ ጥቁር ክፍል ግራፋይት ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ የተሠራ ስለሆነ ንጹሑን ዱቄት ባይተካም ለጊዜው ይረዳል። ለስላሳ እርሳስ መርጣችሁ የቁልፉን ጥርስ በሁለቱም ጎን አጥቁሩት፣ አስገቡ፣ አውጡ፣ በጨርቅ ጥረጉ፣ ደግሞ አጥቁሩ። ከዚህ በፊት ግን አፈሩ መውጣት አለበት። ለዚህ ጎሚስታ ጋ ጎራ ማለት ይበቃል፤ የጎማ መንፊያውን አየር ለአፍታ ቀዳዳው ላይ ቢለቅላችሁ ብዙው ይወጣል። ዓይናችሁን ግን ዞር አድርጉ፣ አፈሩ የሚወጣው ወደ ፊት ነው። ቀድሞ ዘይት የጠጣ መቆለፊያ ከሆነ መጀመሪያ ደብሊውዲ-40 ተነፍቶበት ቆሻሻው ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ግራፋይቱ ይግባ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ ሊጡን እንደገና ማቡካት ነው። ለክዳኑ ማጠፊያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃዋል፤ ማንኛውም ልብስ ሰፊ ጋ አለ።

ላቫጆ የምታሳጥቡ ደግሞ የግፊት ውኃው ወደ ቁልፉ ቀዳዳ በቀጥታ እንዳይመታ ንገሯቸው። ቀዳዳው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ካለው ይዘጋ፤ ከሌለው ፕላስተር ይለጠፍበት፣ ከታጠበ በኋላ ይነሳ።

ቁልፉ በነፃ እየዞረ ሳጥኑ የማይከፈት ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ከመቆለፊያው በስተኋላ ምላሱን የያዘው ዳዶ ወይም ቪቴ ላልቷል፣ ወይም ወድቋል። ኮብልስቶን ላይ በየቀኑ የሚነዳ ሞተር ይህን ማድረጉ አይቀርም። ሳጥኑ ክፍት ሳለ በወር አንዴ ካቻቢቴ ይዛችሁ ከውስጥ ያለውን ሁሉ ብታጠብቁ ይህ አይገጥማችሁም። ከተዘጋ በኋላ ከሆነ ግን ወደ ቁልፍ ሠሪ መሄድ ነው። ሊብሬአችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባለቤትነት ሳይጠይቅ የሰው ሳጥን የሚከፍት ቁልፍ ሠሪ እኛ በበኩላችን አይመቸንም።

ቁልፍ ውስጥ ከተሰበረ ሌላ ቁልፍ አታስገቡ፣ ስባሪውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጫፉ ከታየ በቀጭን ወረንጦ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። በማጣበቂያ አጣብቆ ለማውጣት መሞከርን እርሱት፣ መቆለፊያውን ጨርሶ ይደፍነዋል። ሁለቱን ስባሪ ግን አትጣሉ፤ ጎበዝ ቁልፍ ሠሪ አጋጥሞ አዲስ ሊቀርጽበት ይችላል።

ስለ ማስቀረጽ ካነሳን፣ ትርፉን ቁልፍ ዛሬውኑ አስቀርጹ፣ ከኦሪጅናሉ አድርጋችሁ። ያለቀ ቁልፍ ሲቀረጽ እልቂቱም አብሮ ይቀረጻል። ከአዲስ ሳጥን ጋር ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሳህን ወይም ካርድ ከመጣም ቁጥሩን ቤት መዝግባችሁ አስቀምጡ፣ ከቁልፉ ጋር አትሰሩት።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ተነቃይ በሆኑት ሳጥኖች በብዛት ያው ቁልፍ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ክዳኑንም ይከፍታል፣ ሳጥኑንም ከመቀመጫው ብረት ይለቃል። ሳጥኑ በሚገባ ሳይገጥም ቁልፉ ቢዞር የተቆለፈ ይመስላል፣ ወደ ሁምቦ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ግን ተነቅሎ ከኋላ ያለ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይ ነቅንቁት። የጭነቱም ልክ ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ወይም ከሥሩ ተጽፏል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ኪሎ አይበልጥም። ከዚያ በላይ ሲጫን መቀመጫው ይጣመማል፣ መንጠቆና ምላስም መገናኘት ያቆማሉ፣ ሰውም «ቁልፉ ተበላሸ» ይላል።

ደኅና የሚሠራ መቆለፊያ ቢኖርም ሳጥኑ ፕላስቲክ መሆኑን አንርሳ። ዝናብና ቸኩሎ የሚያልፍን እጅ ይከለክላል፣ ጊዜ ያገኘ ሌባን ግን አይከለክልም። ለጁሙዓ መስጂድ በር ላይ ሞተር ስታቆሙ የዝናብ ልብሱና ሄልሜቱ ሳጥኑ ውስጥ ይቅሩ፤ ገንዘቡ፣ ስልኩና የሰው ሰነድ አብረዋችሁ ይግቡ።