የመሬት ሽቦ ለእህል ወፍጮ ቤት ስለሚሰጠው ጥቅም

የኤሌክትሪክ ኃይል ለሰው ልጅ ታላቅ አገልጋይ ነው፤ መንገዱን ላላዘጋጀለት ግን ገዳይ ይሆናል። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚፈጭ ወፍጮ ባለበት አገር ሁሉ የመሬት ሽቦን ሥራ ባለወፍጮውም ሹሙም ሊያውቁት ይገባል።

በሞተር ውስጥ ያለው የመዳብ ሽቦ በልባጥ የተሸፈነ ነው። ልባጡ በሙቀት ወይም በእርጅና የተላጠ እንደሆነ ሽቦው የሞተሩን ብረት ይነካል፤ ሞተሩ ግን መፍጨቱን ሊቀጥል ስለሚችል ጉዳቱ ለዓይን አይታይም። ያን ጊዜ በእርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሠራተኛ ብረቱን ቢነካ፥ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ አልፎ ወደ መሬት ይወርዳል። በ220 ቮልት በሰውነት የሚያልፈው እስከ 200 ሚሊአምፔርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የልብን ምት ለማወክ ግን ከ100 ሚሊአምፔር ያነሰ እንኳ ይበቃል።

አረንጓዴና ቢጫ መልክ ያለው የመሬት ሽቦ የሞተሩን ብረት ኃይሉ ወደ መጣበት መሥመር መልሶ ያገናኛል። ስለዚህ የሾለከው ኤሌክትሪክ በሰው ላይ ሳይሆን በሽቦው በብርቱ ይፈስሳል፤ ባልቦላውም ወዲያው ተቃጥሎ ኃይሉ ይቋረጣል።

አንድ ብረት መሬት ውስጥ መትከል ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። መሬቱ ኤሌክትሪክን የሚያግድበት ልክ 20 ኦም ቢሆን፥ በ220 ቮልት የሚያልፈው 11 አምፔር ብቻ ነው። በዚህ 20 አምፔር የሚችል ባልቦላ አይቃጠልም፤ ብረቱም ገዳይ እንደ ሆነ ይቀራል። በበጋ መሬቱ ሲደርቅ ደግሞ እገዳው ይብሳል። ስለዚህ 30 ሚሊአምፔር በሾለከ ጊዜ ኃይሉን በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ ከሽቦው ጋር ይጨመር።

የመሬት ሽቦ ሌላም ጥቅም አለው። ቺንጋ ሲሽከረከር፥ ቤንዚንም ከበርሜል ሲቀዳ፥ ከመተሻሸት የተነሣ ኤሌክትሪክ ይጠራቀምና የእሳት ፍንጣሪ ይወጣል፤ በአየር የበዛ ዱቄትና የቤንዚን ትነት ደግሞ በፍንጣሪ ይቀጣጠላሉ። የወፍጮው ብረት ከመሬት ጋር፥ የሚቀዳበትና የሚገለበጥበት የብረት ዕቃም እርስ በርሱ በሽቦ ቢገናኝ፥ የተጠራቀመው ያለ ፍንጣሪ ይወርዳል።

እንግዲህ ሹማምንት ወፍጮ ቤት ሲጐበኙ፥ ሽቦው ከሞተሩ ጋር መያያዙን፥ መቁረጫው መኖሩን፥ ባለሞያም በየዓመቱ በበጋ መጨረሻ መመርመሩን ይጠይቁ። የሽቦ ዋጋ ጥቂት ነው፤ ለሰው ሕይወት ግን ዋጋ አይገኝለትም።