ሥርዓተ ፆታ፦ የትምህርት ክፍል ብቻ ያልሆነ ጥያቄ

ሥርዓተ ፆታ ራሱን ችሎ በዩኒቨርሲቲ መሰጠት ከጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነውም። በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የሚገኘው ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ጥናት ፕሮግራም ሲከፍት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። ይሁንና የትምህርቱ ጥቅም በደንብ የሚታየው ከክፍሉ ወጥቶ ሌሎች ሙያዎች አልቆለታል ያሉትን ጉዳይ እንደገና ሲያስመረምር ነው። ዴንማርካዊቷ ኤስተር ቦሰሩፕ በዚያው በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በዶማና በመቆፈሪያ በሚታረስበት አገር አብዛኛው የእርሻ ሥራ በሴቶች ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ፣ ማረሻ በገባበት ግን እርሻ የወንድ ሥራ ወደ መሆን እንደሚያደላ አሳየች። የልማት ባለሙያዎች ሥልጠናውንም ብድሩንም ለወንዱ ሲሰጡ የኖሩት ይህን ልዩነት ሳያዩ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ አሌሲና፣ ጁሊያኖና ነን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የቦሰሩፕን ሐሳብ በአኃዝ ፈተኑት፤ ቅድመ አያቶቻቸው በማረሻ ያርሱ በነበሩ ማኅበረሰቦች ዛሬም ከቤት ውጭ የሚሠሩ ሴቶች ቁጥር ዝቅ ያለ ሆኖ አገኙት። በሬና ሞፈር ለሚያውቀው ደጋችን ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሴቲቱ አርማ፣ አጭዳ፣ እህሉን አበጥራ ጎተራ ብታስገባም አራሽ የሚባለው እርፍ የጨበጠው ነው።

ወደ ሕክምና ስንሻገር፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 እ.ኤ.አ. ዞልፒዴም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት መጠን ለሴቶች ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም እንዲቀነስ አድርጓል፤ መድኃኒቱ ከሴቶች ሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ጠዋት መኪና ሲነዱ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ይህ የተፈጥሮ ልዩነት እንጂ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ አይደለም የሚል ይኖራል። ስለ ሰውነቱ እውነቱን ነው፤ የወንዱን ልክ የሰው ሁሉ ልክ አድርጎ መያዝ ግን ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም።

ብርቱው ተቃውሞ ትምህርቱ የምዕራባውያን ሸቀጥ ነው የሚለው ነው። ነገር ግን ባልን የቤተሰብ ራስ ያደረገውና ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር የፈቀደው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ አርቃቂው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበር። ያ እንዲለወጥ ከወተወቱት መካከል ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይገኝበታል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፣ ባልና ሚስትንም እኩል አስተዳዳሪ አደረጋቸው። ሐሳብን በትውልድ አገሩ የሚመዝን ሰው ሁለቱንም ሕጎች በአንድ ሚዛን ይመዝን።

ሥርዓተ ፆታ በየትምህርቱ ከገባ ታዲያ የተለየ ክፍል ለምን ያስፈልጋል? የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም ስለማይሆን ነው፤ ዘዴውን የሚያጠራና መምህራንን የሚያፈራ አንድ ቤት ያስፈልገዋል። ለማለፊያ ነጥብ ብቻ የሚወሰድ አንድ ኮርስ ግን ይህን አይተካም። የግብርና ተመራማሪው መጠይቁን ሲያዘጋጅ የቤቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ ጠይቆ አያብቃ፤ ማን እንደሚያርምና የሽያጩን ገንዘብ ማን እንደሚይዝም ይጠይቅ።