ቁስል አዲስ ቆዳ እንዲቀበል አስቀድሞ ምን ያስፈልገዋል?

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ አጥቢያዎች እግራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በደጀ ሰላም የሚቀመጡ ምእመናንን የማያውቅ ካህን የለም። የብዙዎቹ ቁስል ከወራት አልፎ ዓመታት ያስቆጠረ ነው። ለቤተሰባቸው «ቆዳ ይለጠፍለት» የሚለው ምክር የመጨረሻ ተስፋ ሆኖ ይሰማል፤ ሰበካ ጉባኤያትም ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚርቀው የአዲስ አበባ ጉዞና ለሕክምናው ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ይጠየቃሉ። ይህ ገንዘብ በከንቱ እንዳይቀር ከጉዞው በፊት የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ይገባል።

ከታማሚው ጭን በስሱ ተልጦ በቁስል ላይ የሚደረገው ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የራሱ የደም ዝውውር የለውም። ከቁስሉ ወለል የሚወጣውን ፈሳሽ እየመጠጠ ይቆያል፤ ከዚያም ደም ሥሮች ከሥር እየበቀሉ ይገናኙታል። ወለሉ የሞተ ሥጋ ከሆነ የሚመጠው ነገር የለም። መግል ወይም ደም ከሥሩ ቢቋጥር ከወለሉ ይለየዋል፤ እግሩ ቢንቀሳቀስም አዲሶቹ ደም ሥሮች ይበጠሳሉ። በሌላው ዓለም ከሰው ሕዋስ በቤተ ሙከራ የሚሠራ ቆዳም አለ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ለእግር ቁስል የተፈቀደው አፕሊግራፍ አንዱ ነው። ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ይሁን እንጂ እርሱም ባልተዘጋጀ ቁስል ላይ አይጸናም።

እንግዲህ ቀዳሚው ጥያቄ ቁስሉን ያመጣው ምንድን ነው የሚለው ነው። በወለጋ ቀይ አፈር በባዶ እግር ሲያርሱ የኖሩ ሰዎችን የሚያጠቃው የእግር ማበጥ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ አንዱ ምክንያት ነው። ብሪታንያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተፈጠረ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል፤ እርግማንም ተላላፊም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ከ100 ሰዎች 2.8 ያህሉ ሕመምተኞች መሆናቸውን ዘግቧል። እግሩ አብጦ ሳለ የተለጠፈ ቆዳ ከሥሩ በሚመነጨው ፈሳሽ ይነሣል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በየዕለቱ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ያሻል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን የመሰለው ቀላል እንክብካቤ የእብጠቱን ድንገተኛ ማገርሸት እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

በሥጋ ደዌ ወይም በስኳር ምክንያት የደነዘዘ እግር ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። ሕመም ስለማይሰማው ሰውየው ይረግጥበታል፤ በየዕለቱ የሚረገጥ ቁስልን ደግሞ የትኛውም መድኃኒት አያድነውም። ጫናውን ከእግሩ ላይ ማንሣትና የስኳሩን መጠን ማስተካከል ከቆዳው ይቀድማሉ። በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ያለ ቁስል በ4 ሳምንት ተገቢ እንክብካቤ በግማሽ ካልጠበበ፣ የደም ዝውውሩና ከሥር ያለው አጥንት ዳግም ይመረመራሉ።

ቀጥሎ የሞተውን ሥጋ ማስወገድ ነው፤ ይህ የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። በቤት የሚቻለው ቁስሉን በንጹሕ ውኃ ማጠብና በንጹሕ ፋሻ መሸፈን ነው። አመድ፣ እበት፣ የተወቀጠ ቅጠል ወይም የባትሪ ድንጋይ ዱቄት መነስነስ ግን የወራት ልፋትን በአንድ ቀን ያበላሻል። «አየር ይንካው» ተብሎ ቁስሉን ማድረቅም አይጠቅምም፤ አዲስ ሥጋ የሚያድገው በእርጥበት ነው። ወለሉ ቀይና ለምለም ሆኖ ሽታው ሲጠፋ ሐኪሙ ስለ ቆዳ ማሰብ ይጀምራል። ለዓመታት የቆየ ቁስል ጠርዙ ካበጠ፣ እንደ አበባ ጎመን ከፈካ ወይም በቀላሉ ከደማ ግን ወደ ካንሰር ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ናሙና ሳይወሰድ ቆዳ አይለጠፍበትም። በእኔ እምነት ኮሚቴዎች ከሁሉ ይልቅ ሊያስተውሉት የሚገባው ምልክት ይህ ነው፤ ታማሚው ባይሰማውም ሌላው ያየዋልና።

ሥጋ የሚተካው በምግብ ነው። ቁስሉ ብዙ ፈሳሽ የሚያወጣ ሰው በፈሳሹ ፕሮቲን ያጣል፤ ጾምን እንደ ጤነኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ለስኳር ታማሚም አደገኛ ነው። ቀኖናችን ለታመመ ሰው ጾምን እንደሚያቀልል ካህናት ያውቃሉ፤ ታማሚው ግን ብዙ ጊዜ ለመጠየቅ ያፍራል። ስለዚህ የንስሐ አባቱ ራሳቸው ቀድመው ቢያነሡለት መልካም ነው። በጾሙ ለመቀጠል የወሰነም ቢሆን ምስር፣ ባቄላና አኩሪ አተር አይጉደሉበት።

ስለ ጠበልም እንዲሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል፤ ለቁስል ሕክምናም የሚነገረው ይኸው ነው። ታማሚው ፋሻውን በንጹሕ ይለውጥ፣ ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ሌሎች በሚነከሩበት ገንዳ አይግባ፤ ጠበሉ ከላይ ይፍሰስለት።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ለሥጋ ደዌና ለቆዳ ሕመም ረጅም ልምድ አለው። ታማሚው ወደዚያ ከመሄዱ በፊት ግን በነቀምቴ ወይም በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል ተመርምሮ የሪፈር ወረቀት ይያዝ። ሰበካ ጉባኤው የሚያሰባስበው ገንዘብም ለጉዞው ብቻ አይመደብ፤ ከጉዞው በፊት ላሉት ሳምንታት ለሳሙና፣ ለፋሻ፣ ለምግብና ለጫማ፣ ከተመለሰም በኋላ እግሩን አሳርፎ ለሚቆይባቸው ቀናት ይከፋፈል።