ቀለሙን የሚቀባው ማነው? በጀርመን የኪራይ ማስያዣ ላይ የማያባራው ክርክር

በጀርመን ቤት የሚከራይ ሰው ቁልፍ ሲረከብ ለአከራዩ የሚያስይዘው ገንዘብ አለ፤ በዚያ የሚኖሩ ሐበሾችም እንደ አገሬው ካውሲዮን ይሉታል። በአዲስ አበባ ከሚከፈለው ቅድመ ክፍያ ይለያል። ቅድመ ክፍያ በኪራይ ይታሰባል፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ገድቦታል። ካውሲዮን ግን ተከራዩ እስኪወጣ ድረስ ሳይነካ ይቀመጣል። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 551 መጠኑ ከሦስት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ለማሞቂያ፣ ለውሃና ለመሳሰለው የሚከፈለው በዚህ ስሌት አይገባም። ተከራዩ በሦስት ወር ከፋፍሎ ሊከፍል ይችላል። አከራዩ ገንዘቡን ከራሱ ሀብት ለይቶ ባንክ ማስቀመጥ አለበት፤ ወለዱም የተከራዩ ነው።

ገንዘቡ ሲሰጥ ክርክር የለም፤ ክርክሩ የሚመጣው ቁልፉ ሲመለስ ነው። ልጆች የሚያሳድግ ቤተሰብ በፍራንክፈርት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስድስት ዓመት ኖሮ ለቀቀ እንበል። ኪራዩ 800 ዩሮ ከነበረ ያስያዘው እስከ 2,400 ዩሮ ይደርሳል። አከራዩ ክፍሎቹን ዞሮ ያይና ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ ይልካል፤ ለግድግዳ ቀለም ይህን ያህል፣ ለጽዳት ድርጅት ይህን ያህል፣ ለሳሎኑ ምንጣፍ ይህን ያህል። ተቀናንሶ የሚተርፈው ለአዲሱ ቤት ማስያዣ አይበቃም። ብዙ ተከራይ ይህን ደብዳቤ እንደ ፍርድ ቆጥሮ ዝም ይላል። በደብዳቤው ከተዘረዘሩት ወጪዎች ብዙዎቹ ግን በሕግ ሲመረመሩ የተከራዩ ዕዳ ሆነው አይገኙም።

የነገሩ መነሻ ሁለት አጫጭር አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 535 ቤቱን ለመኖሪያ በሚመች ሁኔታ የማስረከብም፣ በዚያው ሁኔታ ጠብቆ የማቆየትም ግዴታ በአከራዩ ላይ ይጥላል። አንቀጽ 538 ደግሞ ተከራዩ ቤቱን በውሉ መሠረት በመጠቀሙ ለሚመጣ ለውጥና እርጅና አይጠየቅም ይላል። ቀለም ይደበዝዛል፤ ሶፋ የተደገፈበት ግድግዳ ይጠቁራል፤ በር ሥር ያለው ወለል ይፋቃል። ይህ ሁሉ ሰው ቤት ውስጥ በመኖሩ የሚመጣ ነው፤ ዋጋውም በየወሩ በሚከፈለው ኪራይ ውስጥ አለ። ሕጉ ብቻውን ቢነበብ ቀለም የሚቀባው አከራዩ ነው።

በተግባር ግን ለአሥርት ዓመታት ሲቀባ የኖረው ተከራዩ ነው። ሸክሙ የተሻገረው አስቀድሞ በታተመ ውል ነው። ሕጉ ይህን ግዴታ በስምምነት መለወጥን ስለማይከለክል፣ አከራዮች ሾንሃይትስሬፓራቱረን የሚባለውን የማደስ ሥራ ለተከራዩ የሚሰጥ ቃል በውላቸው ማስገባት ልማድ አደረጉት። የሥራው ወሰን የተቀዳው በመንግሥት ድጎማ ለተሠሩ ቤቶች የኪራይ ስሌት ከወጣ ደንብ ነው፦ ግድግዳና ኮርኒስ መቀባት ወይም የግድግዳ ወረቀት መለጠፍ፣ ወለል፣ የማሞቂያ ብረትና ቧንቧ እንዲሁም የውስጥ በሮችን መቀባት፣ መስኮትንና የውጭ በርን በውስጥ በኩል መቀባት። ከዚህ ውጭ ያለ ሥራ፣ ለምሳሌ ያረጀ ፓርኬ ማስላግ፣ በዚህ ስም አይጠየቅም። የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው የናሙና ውል ደግሞ የጊዜ ሰሌዳ ጨመረበት፦ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት በየ3 ዓመቱ፣ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ኮሪደርና ሽንት ቤት በየ5 ዓመቱ፣ የቀሩት ትናንሽ ክፍሎች በየ7 ዓመቱ። 3፣ 5፣ 7 የሚለው ቁጥር ከውል ወደ ውል እየተገለበጠ በተከራዩ ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጠረ። ሕግ ግን ሆኖ አያውቅም።

ካርልስሩኤ የሚገኘው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 ይህን ልማድ ተቀበለው። መከራከሪያው ተከራዩ የሚሠራው እድሳት የኪራዩ ዋጋ አካል ነው የሚል ነበር፤ ባይቀባ ኖሮ ኪራዩ ይጨምር ነበር ማለት ነው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ቤት በጠፋባቸው ከተሞች ግን የቀለሙን ግዴታ የሚሸከም ተከራይ በዚያ ምክንያት ዝቅ ያለ ኪራይ ስለመክፈሉ ማረጋገጫ የለውም፤ ውሉ ይቀርብለታል፣ ይፈርማል።

ፍርድ ቤቱ ራሱ መንገዱን የቀየረው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2004 በሰጠው ፍርድ፣ የክፍሉን ሁኔታ ሳያይ በቀን ቆጠራ ብቻ ቀባ የሚል ግትር ሰሌዳ ፈራሽ ነው አለ። አንድ ክፍል ማንም ያልኖረበት ሊሆን ይችላል፤ አምስት ዓመት ስለሞላው ብቻ አይቆሽሽም። ትልቁ ነገር የፍርዱ ውጤት ነበር። በታተሙ ውሎች ሕግ መሠረት ፈራሽ ቃል ተከርክሞ ለልኩ አይስተካከልም፤ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል። ሰሌዳው ሲወድቅ የማደስ ግዴታው አብሮ ይወድቃል፤ ሥራውም በአንቀጽ 535 ወደ አከራዩ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ የብዙ ሺህ ዩሮ ክርክር በአንዲት ቃል የሚወሰን ሆኗል። ውሉ «ቢዘገይ በ5 ዓመት» ካለ ይፈርሳል፤ «በአብዛኛው በየ5 ዓመቱ» ካለ ግን ሊጸና ይችላል። የቤቱ ሁኔታ ምንም ይሁን ምን ሲወጡ ቀብቶ መውጣትን የሚያዝ ቃልም በተከታታይ ፍርዶች ወድቋል።

ከሁሉም ሰፊ የሆነው ለውጥ እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 2015 የመጣው ነው። በዚያ ቀን ከተወሰኑት ጉዳዮች በአንዱ ቤቱ ለተከራዩ የተሰጠው ሳይታደስ ነበር፤ አከራዩ ሦስት ክፍል ለማስቀባት በሚል የግማሽ ወር ኪራይ ቀንሶለት ነበር። ፍርድ ቤቱ ቅናሹ እንደማይበቃ ገልጾ፣ ሳይታደስ ለተሰጠና ተመጣጣኝ ካሳ ላልተከፈለበት ቤት የማደስ ግዴታን በታተመ ውል ወደ ተከራዩ ማዞር አይቻልም አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ያለፈው ነዋሪ ያስረጀውን ይህኛው እንዲያድስ፣ ቤቱንም ከተረከበው አሻሽሎ እንዲመልስ ማስገደድ ይሆናል። በዚያው ቀን ሌላ ቃልም ወደቀ፤ የእድሳት ጊዜው ሳይደርስ ለሚወጣ ተከራይ የወደፊቱን ወጪ በመቶኛ አስልቶ የሚያስከፍለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ገቢው ተከራይ ከወጪው ጋር እድሳቱን ለመረከብ በግል መስማማቱ ለአከራዩ እንደማይጠቅመው ተወሰነ።

አከራዮች እነዚህን ፍርዶች በቅሬታ ነው የተቀበሏቸው፤ ቅሬታቸውም መሠረት የለውም አይባልም። አንድ ቤት ብቻ ያለው ጡረተኛ ከወረቀት መደብር የገዛው ውል በፈረመበት ዘመን ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ከዓመታት በኋላ ፈራሽ ይባልበታል፤ በታተመ ውል ላይ የቆየ እምነት ከለላ አይሰጥም። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2020 ከበርሊን በመጡ ጉዳዮች አንድ የመሀል መንገድ ቀይሷል፦ ሳይታደስ የተረከበው ቤት በጣም ሲያረጅ ተከራዩ አከራዩን እንዲያድስ መጠየቅ ይችላል፤ ቤቱ ከመጀመሪያው የተሻለ ስለሚሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ የወጪውን ግማሽ ይሸፍናል።

የማደስ ቃሉ ቢፈርስም ተከራዩ በማንኛውም ነገር አይጠየቅም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በተወሰነ ጉዳይ፣ ነጭ ሆኖ የተሰጠ ቤት ሲመለስ ግድግዳው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤቱ አብዛኛው ሰው በማይቀበለው ቀለም ቤትን መመለስ ካሳ ያስከፍላል አለ። እየኖሩበት ግን የፈለጉትን ቀለም መቀባት የተከራዩ መብት ነው። መደርደሪያ ለመስቀል በድሪል የተበሳ ቀዳዳም በልኩ እስከሆነ ድረስ የተለመደ አጠቃቀም ነው። ማጨስም እንዲሁ ነው፤ ጭሱ በተራ ቀለምና በግድግዳ ወረቀት የማይሸፈን ጉዳት ካላደረሰ አያስጠይቅም።

በጽዳት ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ብዙ ውሎች ቤቱ በመጥረጊያ ተጠርጎ ይመለስ ይላሉ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2006 ይህ ቃል የሚጠይቀው ጎልቶ የሚታይ ቆሻሻን ማስወገድ ብቻ መሆኑን ገልጿል። የተጠረገን ቤት በጽዳት ድርጅት አስወልውሎ ሒሳቡን ከካውሲዮን መቁረጥ በዚህ ቃል አይደገፍም። ምድጃው በስብ ተጋግሮ፣ መታጠቢያው ተበላሽቶ ከተተወ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜም አከራዩ በመጀመሪያ ለተከራዩ ቀን ቆርጦ ራሱ እንዲያጸዳ ወይም እንዲቀባ ዕድል መስጠት አለበት፤ ያለዚያ ገንዘብ አይጠይቅም። እንደ ተሰበረ የመታጠቢያ ሳህን ወይም እንደ ተቃጠለ ወለል ያለ፣ የቤቱን አካል የጎዳ ነገር ሲሆን ግን ቀን መቁረጥ አያስፈልግም። የምንጣፍ ሒሳብም በአዲስ ዋጋ አይታሰብም። የምንጣፍ ዕድሜ ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ስምንት ዓመት ባገለገለ ምንጣፍ ላይ የደረሰ ጉዳት የሚያስከፍለው የቀረችውን ጥቂት ዋጋ ነው። ይህን ሁሉ የሚያጸናው ማስረጃ ነው፤ ሲገቡና ሲወጡ የሚጻፈው የርክክብ ሰነድና ፎቶግራፍ። በርክክቡ ቀን የሚቀርበውን ወረቀት ቋንቋውን በቅጡ ሳይረዳ የሚፈርም አዲስ ገቢ፣ «እቀባለሁ» የሚል አዲስ ቃል ፈርሞ ሊገኝ ይችላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፈራሽ ቃል ፈራሽነቱን ለማያውቅ ሰው እንደ ጽኑ ቃል ይሠራል። ገንዘቡ ያለው በአከራዩ እጅ ስለሆነ መጠየቅም መክሰስም ያለበት ተከራዩ ነው። ጉዳቱ የሚከብደው ደግሞ ማስያዣውን ድጎማ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከጆብሴንተር በብድር ባገኙ ተከራዮች ላይ ነው፤ ከእነዚህም መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ስደተኞች አሉ። ብድሩ ከወርኃዊ ድጎማቸው በጥቂት በጥቂቱ ይቆረጣል፤ አከራዩ ካውሲዮኑን ቢያስቀርም ዕዳው ይቀጥላል።

በፈራሽ ቃል ምክንያት ቀብቶ የወጣ ሰው የሥራውን ዋጋ ከአከራዩ መጠየቅ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2009 ተወስኗል፤ መሠረቱ ያላግባብ መበልጸግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ይህ መብት ኪራዩ ባበቃ በስድስት ወር ውስጥ በይርጋ እንደሚቀር ተወሰነ። አከራዩም ለደረሰበት ጉዳት ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ ቤቱን ከተረከበ በኋላ ስድስት ወር ነው። ይሁንና ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 2024 አከራዩ ከዚህ ጊዜ በኋላም ጉዳቱን በያዘው ካውሲዮን ማቻቻል ይችላል ብሏል። የሚያቻችለው ግን በእጁ ባለው ማስያዣ ልክ ብቻ ነው፤ ስድስት ወሩ ካለፈ ከዚያ በላይ ያለውን በክስ ቢጠይቅ ተከራዩ ይርጋን መቃወሚያ ማድረግ ይችላል።