ፈጣን የሒሳብ ተማሪና በራስ ፍጥነት የሚከናወን የኮምፒውተር ትምህርት

በየክፍሉ መምህሩ ጥያቄውን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን የሚያገኝ አንድ ተማሪ አይጠፋም። ይኸው ተማሪ በተረፈው ጊዜ በመስኮት ሲያይ ወይም ጎረቤቱን ሲያስቸግር ይገኛል። ውሎ አድሮም ሒሳብ ያለ ድካም የሚገኝ ነገር ይመስለውና ከባድ ጥያቄ ሲገጥመው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል። ታዲያ ሌሎቹን ሳንበድል ይህን ተማሪ እንዴት እንርዳው?

አንዱ መንገድ ተማሪው በራሱ ፍጥነት የሚራመድበት የኮምፒውተር ትምህርት ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው። ፓትሪክ ሱፕስና ሪቻርድ አትኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕፃናትን በኮምፒውተር ሒሳብ የማስተማር ምርምር ጀምረዋል። ቤንጃሚን ብሉም ደግሞ በ1968 ባወጣው ጽሑፍ ተማሪው አንዱን ምዕራፍ በሚገባ ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ማለፍ እንደሌለበት አስረድቷል። ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ የሚያስተምረው ካን አካዳሚ በ2008 የተቋቋመ ሲሆን፣ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። ተማሪው አጭር ማብራሪያ ይመለከታል፤ መልመጃ ይሠራል፤ ስሕተቱ ወዲያው ይነገረዋል፤ በቂ ውጤት ሲያገኝም ወደፊት ይራመዳል። ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርት ቤት ኮሊብሪ የተባለው ፕሮግራም ትምህርቶቹን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አከማችቶ ከእርሱ ጋር ለተያያዙት ሌሎች ኮምፒውተሮች ያዳርሳል።

ይሁን እንጂ መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ በአብዛኛው የሚያርመው መልሱን እንጂ አሠራሩን አይደለም። ለምሳሌ፣

ሀ² − 5ሀ + 6 = 0

የሚለው የእኩልነት ዓረፍተ ነገር ከአራት አማራጮች ጋር ቀረበ እንበል። ብልጡ ተማሪ አማራጮቹን በ«ሀ» ቦታ እየተካ ይሞክርና 2 እና 3ን ይመርጣል። ኮምፒውተሩም «ትክክል» ብሎ ያሳልፈዋል። መምህሩ ግን «ከ2 እና ከ3 ሌላ መልስ እንደሌለ በምን አወቅህ?» ብሎ ቢጠይቀው ዝም ይላል። መልሱ ያለው፣

(ሀ − 2)(ሀ − 3) = 0

ከሚለው ላይ ነው። የሁለት ቁጥሮች ብዜት ዜሮ የሚሆነው ቢያንስ አንዳቸው ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ነውና። ይህን ሳይረዳ ያለፈ ተማሪ ወደ ላይኛው ክፍል ትምህርት በሮጠ ቁጥር ጉድለቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

ስለዚህ የሚከተሉትን በሥራ ላይ ማዋል ይጠቅማል፦

1ኛ. ከመጀመሩ በፊት ተማሪው ባለፉት ክፍሎች ትምህርት አጭር ፈተና ይሰጠው። ፈጣን የተባለውም ቢሆን በክፍልፋይና በነጌቲቭ ቁጥሮች ላይ ጉድለት ሊኖርበት ይችላል።

2ኛ. እያንዳንዱን መልመጃ በደብተሩ ላይ አሠራሩን እየጻፈ ይሥራ።

3ኛ. መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ለአሥር ደቂቃ ያህል ደብተሩን ይመልከት፤ አንዱን ጥያቄ መርጦም «ለምን?» ብሎ ይጠይቀው። ማስረዳት ካቃተው ወደዚያው ምዕራፍ ይመልሰው።

4ኛ. አልፎ አልፎ አንዱን ጥያቄ በሁለት መንገድ እንዲሠራ ይታዘዝ።

እንግዲህ ፕሮግራሙ ፈጣኑ ተማሪ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ይረዳል። የሠራውን ማወቁን የሚያረጋግጥለት ግን ያው መምህሩ ነው።