«የተሰረቀው» ጊጋባይትና ድብቆቹ ፓርቲሽኖች

አዲስ ኤስኤስዲ ላይ ዊንዶውስ ሲጫን፣ ባለቤቱ ሳያዝ ሁለት ሦስት ትንንሽ የዲስክ ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) አብረው ይፈጠራሉ። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ አይታዩም፤ ዲስክ ማኔጅመንት ሲከፈት ግን አብዛኞቹ ብቅ ይላሉ። ወሬውም ከዚያ ይጀምራል።

ተረት፦ 1 ቴራባይት ገዝቼ 931 ጊጋባይት ብቻ የሚያሳየኝ ድብቆቹ ስለበሉብኝ ነው።

አልበሉም። አምራቹ 1 ቴራባይት ብሎ የሚሸጠው አንድ ትሪሊዮን ባይት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ አንዱን ጊጋባይት 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ይቆጥራል። አካፍሉት፣ 931 ይመጣል። ዊንዶውስ ራሱ የሚፈጥራቸው ድብቅ ፓርቲሽኖች ሁሉም ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ 1 ጊጋባይት አካባቢ ቢሆኑ ነው። ሻጩን ለመውቀስ አይበቃም።

ተረት፦ ቫይረስ ናቸው፤ ወይም ሥራ የላቸውም፤ ቢጠፉ ኮምፒዩተሩ ይፈጥናል።

ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን የሚባለው ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ነው። ማብሪያው ሲጫን ማዘርቦርዱ የዊንዶውስን ማስነሻ ፋይል የሚያገኘው እዚህ ነው። እሱ ከጠፋ፣ ሲ ድራይቭ ላይ ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ አይነሳም። ዲስክ ማኔጅመንትም ይህን ስለሚያውቅ እንዲጠፋ አይፈቅድም፤ እልኸኛው ግን ዲስክፓርት የሚባለው የትእዛዝ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ በግድ ያጠፋዋል።

ሌላው 16 ሜጋባይት የሆነ መጠባበቂያ ፓርቲሽን ነው፤ ዲስክ ማኔጅመንት እንኳ አያሳየውም፤ ተዉት። ሪከቨሪ የሚባለው ፓርቲሽን ደግሞ ዊንዶውስ አልነሳ ሲል የጥገና መሣሪያዎቹ የሚገኙበት ነው። ይህኛው እንዲያውም ትንሽ መሆኑ ነው ችግር ያመጣው፦ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዊንዶውስ 10 አፕዴት ቦታ አጥሮት በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አልጫን ብሎ፣ ማይክሮሶፍት ሪከቨሪውን በ250 ሜጋባይት አስፉት የሚል መመሪያ አወጣ።

ተረት፦ ዊንዶውስን አዲሱ ዲስክ ላይ ስለጫንኩ አሮጌውን መንቀል እችላለሁ።

ከሁሉም ብዙ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። ሲጫን አሮጌው ዲስክ እንደተሰካ ከሆነና እላዩ ላይ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ካለው፣ ጫኚው አብዛኛውን ጊዜ ማስነሻ ፋይሎቹን እዚያው ያስቀምጣል። ዊንዶውስ አዲሱ ላይ፣ ማስነሻው አሮጌው ላይ ይሆናል። ሁለቱም እስካሉ ድረስ ማንም አያስተውልም። አሮጌው ለሌላ ሰው ሊሰጥ የተነቀለ ዕለት ግን ስክሪኑ ማስነሻ ዲስክ የለም ይላል፤ ባለቤቱም አዲሱ ዲስክ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል።

ለማረጋገጥ ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍታችሁ የታችኛውን ክፍል ተመልከቱ። ዲስኮቹ ዲስክ 0፣ ዲስክ 1 እየተባሉ በየመስመራቸው ተዘርግተዋል፤ ኢኤፍአይ የሚለው ጽሑፍ ሲ ካለበት መስመር ላይ መሆን አለበት። ካልሆነ አሮጌውን አትንቀሉ። መድኃኒት አለው፦ ከሲ ላይ ትንሽ ቦታ ቀንሶ አዲስ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን መሥራትና በቢሲዲቡት ትእዛዝ ማስነሻውን እዚያ መጻፍ። የተሻለው ግን መጀመሪያውኑ ሌላውን ዲስክ ነቅሎ መጫን ነው።

ተረት፦ ድብቆቹን በእጅ ከፋፍዬ ማዘጋጀት አለብኝ።

አያስፈልግም። አዲሱን ዲስክ ባዶውን መርጣችሁ «ኔክስት» በሉ፤ ጫኚው ራሱ ይከፋፍለዋል። ጫኚው ላይ ሺፍትና ኤፍ 10 ተጭናችሁ ዲስኩን በዲስክፓርት ልታጸዱ ካሰባችሁ ግን ከዲስኩ ቁጥር በፊት መጠኑን አንብቡ፤ «ክሊን» የሚለው ትእዛዝ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም።