ስለሚመለስ ቀመርና ስለማይመለስ ዘመን

«ፀሐይ ልትፈነዳ ተቃርባለች፤ ከፈነዳችም በኋላ ዘመን ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ይህንንም የጎንደር ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ አስቀድመው ጽፈውታል» የሚል ወሬ፣ ከአንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ የተቀነጨበ ቪዲዮ እንደ ማስረጃ ተለጥፎለት በከተማችን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር፣ የአቡሻኽርን የዘመን ቆጠራ ትምህርት ለሚያከብር ሰው በዝምታ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ጨዋታው አውተር ዋይልድስ ይባላል። አሌክስ ቢቸም በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ መመረቂያው ጀምሮት፣ ሞቢየስ ዲጂታል የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ያቀረበው ነው። ተጫዋቹ በፈለኮች መካከል ሲመላለስ በየ22 ደቂቃው ፀሐይ ትፈነዳለች፤ እርሱም ከተነሣበት እሳት ዳር ይነቃል፤ አሸዋው ከአንዱ መንትያ ፈለክ ወደ ሌላው በዚያችው ደቂቃ ዳግመኛ ይፈሳል፤ ከቀድሞው የሚቀርለት ትዝታው ብቻ ነው።

የፍንዳታውን ነገር ባጭሩ እንለፈው፤ እንዲህ ባለ ፍንዳታ የሚያልቁት ከፀሐያችን ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብዱ ከዋክብት ናቸውና፣ የእኛዪቱ ከአምስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ አብጣ ትቀላለች፣ ኋላም ትቀዘቅዛለች እንጂ አትፈነዳም።

የባሕረ ሐሳብ ዑደት ግን ሌላ ነው። ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች፤ ይህ ንኡስ ቀመር ነው። ሰባቱ ዕለታት ከአራቱ ወንጌላውያን ዘመን ጋር ተባዝተው በየ28 ዓመቱ ይገጥማሉ፤ ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። 19 በ28 ሲባዛ 532 ዓመት፣ ማለት ዐቢይ ቀመር ይወጣል። የ2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ፦ 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱ ተትቶ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ እስከ 30 የቀረው መጥቅዑም 18 ይሆናል። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ስለሆነ የእሑድ ተውሳክ 7 ተጨምሮ መባጃ ሐመሩ 25 ሆነ፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲታከልበት 34፣ ሠላሳው ተገድፎ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይሆናል። ከ532 ዓመት በፊት፣ በ1486 ዓ.ም.፣ ጎንደር ገና ሳትቆረቆር ፋሲካ በዚሁ በሚያዝያ 4 ውሎ ነበር።

ወሬኞቹ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የሚመለሰው ቍጥሩ ነው፤ ዘመኑ አይደለም። በሬዎች በአውድማ በዞሩ ቍጥር በቀድሞው ዱካቸው ላይ ይረግጣሉ፣ ከሸኮናቸው በታች ያለው እህል ግን ከዙር ወደ ዙር ይለያል። ጨረቃም ራሷ ፍጹም አትመለስም። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወራት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበልጣል፤ ይህ ትርፍ በ28 ዙር ተጠራቅሞ በ532 ዓመት ከ41 ሰዓት ያላነሰ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በ2018 በቀመሩ መጋቢት 28 ትሞላለች የተባለችው ጨረቃ፣ በሰማይ የሞላችው መጋቢት 24 ንጋት ላይ ነው፤ በ28 ማታ ከተራራው በላይ ለመታየት ብዙ አምሽታ፣ ከአንድ ጎኗም ጎድላ ትወጣለች።

ይህን ስል «ሊቃውንቱ ተሳሳቱ» እንዳይባልብኝ እሰጋለሁ። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በድሜጥሮስ ስም የሚጠራው ይህ ሥርዓት፣ ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲያከብሩ የተሠራ ቀኖና ነው፤ ሰማይን በየሌሊቱ ለመለካት የታሰበ አይደለም። ስለዚህ አራቱ ቀን ለሥነ ፈለክ ሰው ልዩነት ነው፤ ለባሕረ ሐሳብ መምህር ግን የትንሣኤን ዕለት የሚያናውጥ ነገር የለውም። በሁለቱም ሒሳብ ግን የሞተ ዘመን ሲነሣ አይገኝም። ያለንበት ዐሥራ አምስተኛው ዐቢይ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ገብቷል፤ በ2480 ሲፈጸም፣ በ2481 መስከረም የሚጀምረው ዐሥራ ስድስተኛው ነው፤ ዐሥራ አምስተኛው እንደገና አይጀምርም።